ስያሜውን የሚወስነው ልጁ ነው ወይስ ክሊኒኩ?

ስኮትላንዳዊቷ ድምፃዊት ሱዛን ቦይል እ.ኤ.አ. በ2009 «ብሪቴንስ ጋት ታለንት» መድረክ ላይ ወጥታ ዓለምን እስክታስደምም ድረስ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ ስም ተሸክማ ኖራለች። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቷል ተብሎ ለቤተሰቧ ተነገረ። ትምህርት ቤት ሳለች ልጆች ቅጽል ስም አውጥተው ያሾፉባት ነበር። በዲሴምበር 2013 ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ እንደተናገረችው፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ በራሷ ፈቃድ ልዩ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ስትመረመር የአንጎል ጉዳት የተባለው ነገር አስፐርገር ሲንድረም ሆኖ ተገኘ። እፎይ አለች። ቦይል ይህን ለሕዝብ ስትገልጽ ግን የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር «አስፐርገር» የሚለውን ስያሜ ከመመሪያ መጽሐፉ ካወጣው ሰባት ወር አልፎት ነበር።

ከመጽሐፍ ወጣ እንጂ ከሰው አፍ አልወጣም። ኢላን መስክ በሜይ 2021 «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተሰኘውን የቴሌቪዥን ትርዒት ሲመራ አስፐርገር እንዳለበት ለተመልካቹ ተናግሯል፤ ስያሜው ከተሰረዘ ድፍን ስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ንግግር ሳይቸግራቸው ጨዋታ የሚቸግራቸው፣ ቃሉን ሰምተው የተባለው የሚያመልጣቸው፣ ጓደኛ ፈልገው የማያገኙ ሰዎችም እንዳሉ አሉ። አንዱ ሐኪም «ኦቲዝም» ይላቸዋል፤ ሌላው «ኤዲኤችዲ»፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፤ ሦስተኛው «ማኅበራዊ ፍርሃት» ብሎ ይጽፋል፤ አራተኛው ሁሉንም ይደርባል። ስያሜውን ማን፣ የትና በምን መነሻ እንደሚሰጥ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስካሁን ከተሰጡት መልሶች እጅግ አነጋጋሪ የሆነው፣ ስያሜው ሊሰረዝ አንድ ዓመት ሲቀረው የወጣ ጥናት ነው። በ2012 ካትሪን ሎርድና ባልደረቦቻቸው አሜሪካና ካናዳ ባሉ 12 የዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮች የተመረመሩ 2,102 ልጆችን መረጃ አሰባስበው አነጻጸሩ። ክሊኒኮቹ በሙያው የተመሰከረላቸው፣ መርማሪዎቹም አንድ ዓይነት ሥልጠና ወስደው አንድ ዓይነት መጠይቅና የምልከታ መሣሪያ የሚጠቀሙ ነበሩ። በጊዜው ልጁ ከሦስት ስያሜዎች አንዱን ያገኛል፦ ኦቲዝም፣ አስፐርገር፣ ወይም የሁለቱንም መስፈርት በወጉ ያላሟላው የሚመደብበት «ፒዲዲ-ኖስ»። የልጆቹ የምርመራ ውጤት ከክሊኒክ ክሊኒክ ተቀራራቢ ነው፤ የስያሜው አሰጣጥ ግን ሰማይና ምድር ሆነ። አንዱ ቦታ አስፐርገር ደጋግሞ ይጻፋል፤ ሌላው ቦታ ከስንት አንዴ። አንድ ልጅ የትኛውን ስያሜ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ለማወቅ፣ ከልጁ ጠባይ ይልቅ የተመረመረበትን ክሊኒክ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

በሜይ 2013 የወጣው የአሜሪካው መመሪያ አምስተኛ እትም፣ በአጭሩ ዲኤስኤም-5፣ ሦስቱን ስያሜዎች «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ጠቀለላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አይሲዲ-11ም በጃንዋሪ 2022 ሥራ ላይ ሲውል ያንኑ መንገድ ተከተለ።

ስማቸው ሲቀያየር የኖረ ልጆች

ግራ መጋባቱ የትናንት አይደለም። በ1925 ግሩንያ ሱካሬቫ የተባሉ ሐኪም ሞስኮ ውስጥ የተከታተሏቸውን ስድስት ወንዶች ልጆች የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተሙ። ልጆቹ ብልህ ናቸው፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ግን አይገጥሙም፤ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። ሱካሬቫ የሰጧቸው ስም «ስኪዞይድ» የሚል ነበር። በ1943 ሊዮ ካነር ባልቲሞር ሆነው ስለ 11 ልጆች፣ በ1944 ደግሞ ሃንስ አስፐርገር ቪየና ሆነው ስለ አራት ወንዶች ልጆች ጻፉ። ከካነር ልጆች ሦስቱ ጨርሶ አይናገሩም፤ የአስፐርገር ልጆች ግን በሚወዱት ርዕስ ላይ እንደ መምህር ያብራራሉ፣ ሰው ይስማቸው አይስማቸው ግድ የላቸውም።

የአስፐርገር ጽሑፍ በጀርመንኛ እንደተጻፈ ለአሥርት ዓመታት ከእንግሊዝኛ አንባቢ ርቆ ቆየ። «አስፐርገር ሲንድረም» የሚለውን ስያሜ በ1981 ያስተዋወቁት እንግሊዛዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ ናቸው። ዊንግ ኦቲዝም ያለባት ሴት ልጅ ያሳደጉ እናትም ነበሩ። ከጁዲት ጉልድ ጋር ደቡብ ለንደን ካምበርዌል ሠፈር ባካሄዱት ጥናት፣ ከማይናገረው ልጅ አንሥቶ አፉ እስከተፈታው ድረስ ያለው ችግር ድንበር የሌለው አንድ ተከታታይ መስመር መሆኑን ተረድተው ነበር። አዲሱን ስም ያነሡትም አፋቸው የተፈታ ልጆች እንዳይዘነጉ ብለው ነው። መመሪያዎቹ ግን በ1990ዎቹ ስሙን ወስደው ራሱን የቻለ ሳጥን አደረጉት።

በዚያው ዘመን ኤዲንብራ ውስጥ ሱላ ዎልፍ ተመሳሳይ ልጆችን ለረጅም ዓመታት ተከታትለው፣ «ስኪዞይድ» በሚለው ስያሜ ሥር በ1995 መጽሐፍ አሳተሙ። የሱካሬቫን ጽሑፍ በ1996 ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ አንድ ዓይነት ልጅ ለንደን ቢመረመር አስፐርገር፣ ኤዲንብራ ቢመረመር ስኪዞይድ ሊባል ይችል ነበር።

ስያሜው የተሰረዘው አስፐርገር ከናዚ ጋር ስለተባበሩ ነው የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። የታሪኩ ቅደም ተከተል ይህን አይደግፍም። አስፐርገር «አም ሽፒገልግሩንድ» ወደተባለው፣ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ወደሚገደሉበት የቪየና ተቋም ልጆችን እንደላኩ የሚያሳየውን ሰነድ የታሪክ ተመራማሪው ሄርቪግ ቼክ ያሳተሙት በ2018 ነው፤ የኢዲት ሼፈር መጽሐፍም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በተቋሙ ከ780 በላይ ሕፃናት አልቀዋል። ይህ ሲጋለጥ ስሙን መጥራት ብዙዎችን ቢያስጨንቅም፣ ስያሜውን ቀድሞ የጣለው ሐኪሞቹ በአጠቃቀሙ ላይ አለመስማማታቸው ነበር።

በምሳ ሰዓት ለብቻው የተቀመጠው ተማሪ

ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። አንድ የአሥር ዓመት ተማሪ ዘወትር በምሳ ሰዓት ለብቻው ይቀመጣል እንበል። መምህሩ በሪፖርት ካርዱ ላይ «ከጓደኞቹ ጋር አይግባባም» ብሎ ይጽፋል። ይህች አንዲት መስመር ቢያንስ አምስት የተለያዩ ልጆችን ትገልጻለች።

ማኅበራዊ ፍርሃት ያለበት ልጅ ምን ማለት እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቃል። ቤቱ ከእህቱና ከአክስቱ ልጆች ጋር ሲጫወት ምንም አይጎድለውም። እዚህ ግን «ቢስቁብኝስ?» የሚለው ሐሳብ እግሩን ያስረዋል።

ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ሰው አይፈራም። የጨዋታውን ሕግ ያውቃል፤ ተራ መጠበቅ ግን አይሆንለትም። የሰው ወሬ ያቋርጣል፤ መሐል ላይ ሐሳቡ ይነጉድና ሲመለስ ጨዋታው ተቀይሮ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ላይ ይቀርቡታል፣ ኋላ ይሰለቹታል። ለብቻው የተቀመጠው ሁሉም ከተዉት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ልጅ ችግሩ የቋንቋ አጠቃቀም ነው። ቃላቱንም ሰዋስውንም ያውቃል፤ የሚያመልጠው ቃሉ በቦታውና በሰዓቱ የሚይዘው ትርጉም ነው። አክስቱ ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ!» ስትለው ይደነግጣል። «ጠግቤያለሁ» ካለ በኋላ እንደገና ሲለመን «ነገርኳችሁ እኮ!» ብሎ ይቆጣል። ቀልድ ሲቀለድ ማብራሪያ ይጠይቃል።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይህ ሁሉ ሊኖርበት ይችላል፤ በላዩ ላይ ሌላም አለ። ወሬው ሁሉ ስለ አውቶቡስ ቁጥሮችና መስመሮች ነው። የምግብ አዳራሹ ጫጫታ ጆሮውን ያመዋል። ዘወትር የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ካገኘ ቀኑን ሙሉ ይረበሻል። ዲኤስኤም-5 ኦቲዝም ለማለት እነዚህን የተደጋጋሚነት፣ የጠባብ ፍላጎትና የስሜት ሕዋሳት ምልክቶች የግድ ይጠይቃል፤ ከአራት ዓይነት ቢያንስ ሁለቱ መገኘት አለባቸው።

አምስተኛው ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ስም አግኝቶ አያውቅም። ካናዳዊው የሥነ ልቡና ባለሙያ ባይረን ሩርክ ያጠኗቸው ልጆች በቃል ጎበዞች ናቸው፤ ቅርጽ፣ ርቀት፣ አቅጣጫና ሒሳብ ላይ ግን ይቸገራሉ። የሰው ፊትም የሚነበብ ቅርጽ ነውና የጓደኛቸው ግንባር ሲቋጠር አያስተውሉም። ባለሙያዎቹ «ከቃል ውጭ የሆነ የመማር ችግር» ይሉታል። ስያሜው በጥናትና በትምህርት ቤት ባለሙያዎች ዘንድ ቢኖርም ዲኤስኤም አንድም ጊዜ አልተቀበለውም።

በወረቀት ላይ ልዩነቱ ጥርት ያለ ነው። በኑሮ ግን ይቀላቀላል፤ አንዱ ሌላውን ይወልዳልና። ዓመታት ሙሉ ሲሾፍበት የኖረ ኦቲዝም ያለበት ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ሰው ቢፈራ አይገርምም። ፍርሃቱ እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ የራሱ ሕክምናም ይፈልጋል። ኤሚሊ ሲሞኖፍና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባሳተሙት የእንግሊዝ ጥናት፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ከሆናቸው 112 የኦቲዝም ስፔክትረም ልጆች መካከል 70 በመቶው ቢያንስ አንድ ተጨማሪ የሥነ አእምሮ ችግር ተገኝቶባቸዋል፤ 41 በመቶው ሁለትና ከዚያ በላይ። ግንባር ቀደሞቹ ማኅበራዊ ፍርሃትና ኤዲኤችዲ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከሩብ በላይ በሆኑት ልጆች ላይ ታይተዋል።

እንዲያም ሆኖ እስከ 2013 ድረስ የአሜሪካው መመሪያ ኦቲዝምንና ኤዲኤችዲን ለአንድ ልጅ አብሮ መጻፍ ይከለክል ነበር። ሐኪሙ ሁለቱንም በዐይኑ እያየ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ለትኩረት ማጣቱ መድኃኒት የተጀመረለት ልጅ የማኅበራዊ ክህሎት እገዛ ሳያገኝ ይቀራል፤ ኦቲዝም የተባለው ደግሞ ትኩረቱ የሚታከም መሆኑ ይዘነጋል። ክልከላው የተነሣው አስፐርገር በተሰረዘበት በዚያው እትም ነው።

የስዊድኗ የአየር ንብረት ተሟጋች ግሬታ ቱንበርግ የመደራረቡ ምሳሌ ነች። በ2018 ስቶክሆልም ውስጥ ባደረገችው ንግግር፣ በ11 ዓመቷ በድባቴ ተይዛ መናገርና መብላት እንዳቆመች፣ ኋላም ሦስት ስያሜ በአንድነት እንደተሰጣት ገልጻለች፦ አስፐርገር፣ ሐሳብንና ድርጊትን ያለማቋረጥ የሚያመላልሰው ኦሲዲ፣ እንዲሁም በተወሰነ ቦታና ሰው ፊት ብቻ አፍ የሚያሲዘው «መራጭ ዝምታ»። ሦስቱም የአንዲት ልጅ ናቸው።

የምርመራው ክፍልና ከበሩ ውጭ ያለው

በብዙ አገር የሚሠራበት የምልከታ መሣሪያ በአጭሩ «አዶስ» ይባላል። መርማሪዋ ከልጁ ፊት ለፊት ትቀመጥና በጣቷ ጠረጴዛው ላይ የእጅ መታጠቢያ ትሥላለች፤ ቧንቧው እዚህ፣ ብሩሹ እዚያ ነው ብላ ታሳየዋለች። «ጥርስ መቦረሽ ለማያውቅ ሰው እንደምታስተምር ሆነህ አሳየኝ፤ እያወራህም ንገረኝ» ትለዋለች። ልጁ በቃል ብቻ ያስረዳል? እጁን እንደ ብሩሽ ይዞ አፉ ውስጥ ይከታል? መከተሏን ለማረጋገጥ ቀና ብሎ ያያታል? ቀጥሎ ጽሑፍ የሌለው የሥዕል መጽሐፍ ይሰጠውና ታሪኩን ይተርካል። ጓደኛ ማለት ምን እንደሆነ፣ ብቸኝነት ተሰምቶት እንደሚያውቅ፣ ሰዎች ለምን እንደሚያገቡ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ነገር ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ተደምሮ ከተወሰነ ወሰን ካለፈ «ኦቲዝም» የሚል ጥርጣሬ ይጠናከራል።

መሣሪያው በጥሩ ባለሙያ እጅ ብዙ ያሳያል። የሚለካው ግን የሚታየውን ነው፤ ምክንያቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት ያስፈልጋል። በ2016 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በሐኪም ምርመራ ኤዲኤችዲ ብቻ እንዳለባቸው ከተወሰነላቸው ልጆች መካከል አንድ አምስተኛ ያህሉ በአዶስ የኦቲዝምን ወሰን አልፈው ተገኝተዋል። የተረበሸ ልጅ፣ የፈራ ልጅና ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተመሳሳይ ነጥብ ሊያመጡ ይችላሉ። ለዚህ ነው መመሪያዎቹ የሕፃንነት ታሪክን ከወላጅ፣ የትምህርት ቤት ውሎን ከመምህር መስማት ግድ ነው የሚሉት።

ከምርመራ ክፍሉ ውጭ ያለው ዓለምም በስያሜው ላይ እጁ አለበት። ዲኤስኤም-5 አስፐርገርን ሲሰርዝ አንድ አዲስ ስያሜ ጨምሮ ነበር፦ «የማኅበራዊ ተግባቦት ችግር»። ከላይ ላየነው ሦስተኛ ልጅ የተበጀ ነው፤ ቋንቋን በቦታው መጠቀም ለሚቸግረው፣ የተደጋጋሚነት ጠባይ ግን ላልታየበት። ሐሳቡን ኢዛቤል ራፒንና ዶሪስ አለን በ1983 ጀምረውት፣ በእንግሊዝ ዶሮቲ ቢሾፕ አስፋፍተውታል። አይሲዲ-11 ይህን ስያሜ ለብቻው አላቆመውም፤ ያንኑ ልጅ ከቋንቋ እድገት ችግሮች አንዱ ዘርፍ አድርጎ መዝግቦታል። ዋሽንግተን አንድ ስም፣ ጄኔቫ ሌላ ስም።

በአሜሪካ እስከ 2019 ድረስ 50ዎቹም ግዛቶች የግል ጤና መድን ሰጪዎች የኦቲዝም ሕክምናን እንዲሸፍኑ የሚያስገድድ ደንብ አውጥተዋል። ደንቦቹ የሚጠሩት ኦቲዝምን ነው፤ የማኅበራዊ ተግባቦት ችግር የተባለ ልጅ በእነዚህ ደንቦች ያንን ሽፋን አያገኝም። ወላጅ የትኛው ስያሜ ቢጻፍለት እንደሚሻል ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ትምህርት ቤትም የራሱ ምድብ አለው። በፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ኦቲዝም በ1990 ራሱን የቻለ ምድብ ሆነ፤ ኤዲኤችዲ ያለበት «ሌላ የጤና እክል» በሚለው፣ የተግባቦት ችግር ያለበት «የንግግርና ቋንቋ» በሚለው፣ ቁጡ የሆነው ደግሞ «የስሜት መታወክ» በሚለው ይገባል። በተለያየ በር የገቡ ልጆች የሚገጥማቸው መምህርና ክፍልም ይለያያል።

ማን በየትኛው በር እንደሚገባ የቆዳ ቀለምም ይወስናል። ዴቪድ ማንዴልና ባልደረቦቻቸው በ2007 ፊላዴልፊያ ውስጥ በመንግሥት ጤና ሽፋን የሚታከሙ፣ ኋላ ኦቲዝም እንዳለባቸው የታወቀ ልጆችን መዝገብ መርምረው፣ ጥቁር ልጆች በመጀመሪያው የልዩ ሐኪም ቀጠሮ ኦቲዝም የመባላቸው ዕድል ከነጮቹ በ2.6 እጥፍ ያነሰ መሆኑን ደርሰውበታል። በምትኩ ሕግ መጣስንና ጠበኝነትን የሚገልጸው «የምግባር ችግር» በብዛት ይጻፍላቸው ነበር። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሚኒሶታ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ የሚጠብቃቸው ይኸው ሥርዓት ነው። ክፍተቱ ኋላ ላይ ተቀይሯል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2023 ባወጣው ሪፖርት በጥቁርና በላቲኖ ልጆች ዘንድ የተመዘገበው የኦቲዝም መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጮቹ በልጧል። ጠቅላላው ቁጥርም በ2000 ከ150 የስምንት ዓመት ልጆች አንድ የነበረው፣ በ2022 ከ31 አንድ ደርሷል። ከዕድገቱ ብዙው የመስፈርቱ መስፋትና የሰው ዐይን መከፈት ውጤት መሆኑን አጥኚዎች ይናገራሉ።

ሁለት ጫፍ ብቻ ባለበት

ኢትዮጵያ ውስጥ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። «ኦቲዝም» ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው የማይናገር፣ ራሱን የሚያወዛውዝ ሕፃን ነው። ይህ ግንዛቤም ቢሆን በብዙ ልፋት የመጣ ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው ከአሜሪካ ተመልሰው በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙ ወላጅ ልጁን ቤት ቆልፎ የሚያሳድግበት ጊዜ ነበር። በ2021 እስካረፉ ድረስ ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ ተናግረዋል። አፉ የተፈታው፣ ፈተና የሚያልፈው፣ ከሰው ጋር ግን የማይገጥመው ልጅ በሁለቱም በኩል ቦታ የለውም፤ ኦቲዝም እንዳይባል ይናገራል፣ ደህና ነው እንዳይባል ከሰው አይውልም። የሚቀረው ስም የጠባይ ነው፦ ዐይናፋር፣ ግትር፣ ኩሩ፣ ባለጌ።

«ባለጌ» የሚለው በተለይ ይፈጥንበታል። በአማርኛ አንድን ሰው ሳያከብሩ ወይም ሳይዳፈሩ ማነጋገር አይቻልም፤ ግሡ ራሱ አንተ ወይም እርስዎ ያስመርጣል። ለጎረቤት አዛውንት፣ ለአዲስ መምህር፣ ለእናት ጓደኛ የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው ዕድሜ፣ ቅርበትና ቦታ ነው፤ ማንም በሕግ መልክ አያስተምረውም። ይህን ከአየሩ መቅሰም የሚቸግረው ልጅ በየዓረፍተ ነገሩ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም የአስተዳደግ ጉድለት ተደርጎ በእናቱ ላይ ይቆጠራል።

በውጭ አገር ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል። ትልቅ ሰው ፊት ዐይንን ሰበር ማድረግ በሐበሻ ቤት የጨዋ ልጅ ወግ ነው፤ በምርመራ ቅጽ ላይ ግን የዐይን ግንኙነት ነጥብ አለው። የሠለጠነ መርማሪ የሚመለከተው ዐይን ለዐይን የመተያየቱን ርዝመት ሳይሆን፣ ልጁ ዐይኑን ከቃሉና ከእጁ ጋር ማስተባበሩን ነው። የቤቱን ወግ ለባለሙያው አስቀድሞ መንገር ያለበት ወላጁ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች በ102 አሳዳጊዎች ላይ ተካሂዶ በ2016 የታተመ ጥናት፣ ወላጆች የልጃቸውን ችግር ከሕክምናም ከመንፈሳዊም ምክንያት ጋር አያይዘው እንደሚያዩ፣ ብዙዎቹም ኀፍረት እንደሚሰማቸው አሳይቷል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ አብዛኞቹ የጠሩት መድኃኒት አልነበረም፤ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ነው።

እንደገና መከፋፈል

ስያሜ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ዘግይቶ ስሙን ያገኘ ሰው ዕድሜ ልኩን ስንፍና ወይም ክፋት ሲባልበት የኖረው ነገር ምክንያት እንዳለው ይረዳል፤ መሰሎቹንም ያገኛል። አስፐርገር ሲሰረዝ ከተቃወሙት መካከል ራሳቸው ባለ ስያሜዎቹ ነበሩ። ከወዲያኛው ጫፍ ደግሞ፣ ዕድሜ ልክ የሃያ አራት ሰዓት ጥበቃ የሚሹ ልጆች ወላጆች ሰፊው ስም የእነሱን ልጆች ደብቋል ይላሉ። የላንሴት ኮሚሽን በ2021 ለእነዚህ «ጥልቅ ኦቲዝም» የሚል መጠሪያ አቅርቧል። ከኮሚሽኑ መሪዎች አንዷ ስያሜ ከክሊኒክ ክሊኒክ እንደሚለያይ ያሳዩት ካትሪን ሎርድ ናቸው።

በጁላይ 2025 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የሳይመንስ ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች «ኔቸር ጀኔቲክስ» ላይ ያሳተሙት ጥናት ክፍፍሉን ከሌላ አቅጣጫ ጀምሮታል። ከ5,000 በላይ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች፣ እያንዳንዳቸውን ከ200 በሚበልጡ ጠባያት መዝነው በአራት ቡድን መደቧቸው። ትልቁ ቡድን 37 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በዚህ ቡድን ያሉት ልጆች አፋቸውን የፈቱትም የተራመዱትም በጊዜያቸው ነው፤ ማኅበራዊ ችግር አለባቸው፤ ኤዲኤችዲ፣ ጭንቀትና ድባቴም በብዛት ተደርቦባቸዋል። ስያሜውን የሚያገኙትም ዘግይተው ነው። ተመራማሪዎቹ በእነዚህ ልጆች ላይ ያገኟቸው የዘረ መል ለውጦች ከልደት በኋላ ሥራ በሚጀምሩ ዘረ መሎች ላይ አመዝነዋል። በዚህ ጥናት መደራረቡ የምርመራ ስሕተት አይደለም፤ ቡድኑ የሚታወቅበት መለያ ነው።

እገዛ ግን የዘረ መል ምርምር እስኪያልቅ አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ክፍለ ጊዜና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ ልዩ ሐኪም ያልሆነ ሠልጣኝ ያካሂደዋል፤ ለመመዝገብም የምርመራ ስያሜ አይጠየቅበትም። ትምህርቱ ልጁ በሚወደው ጨዋታ መግባትን፣ ቀኑን በተለመደ ቅደም ተከተል ማስኬድን፣ ልጁ ከመረበሹ በፊት ያለውን ምልክት ማንበብን ያሳያል። የተዘጋጀው ግን ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች ነው።

ከዚያ በላይ ላለው፣ ለብቻው ምሳውን ለሚበላው ተማሪ፣ ቅርብ ያሉት የክፍል ኃላፊ መምህሩና ወላጆቹ ናቸው። «ከጓደኞቹ ጋር አይግባባም» ከሚለው መስመር ይልቅ ለማንኛውም መርማሪ የሚጠቅመው ዝርዝሩ ነው፦ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ይጫወታል? ጨዋታ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው መቼና በምን ምክንያት ነው? ቀልድና አሽሙር ሲነገር ምን ይላል? ጫጫታ፣ የልብስ ስፌት፣ የምግብ ሽታ ያውከዋል? የክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ሲቀየር ምን ይሆናል? ይህ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ታየ? የእነዚህ መልስ በሁለት ገጽ ተጽፎ ልጁን ተከትሎ ከሄደ፣ በየክሊኒኩ የሚሰጠው ስም ቢለያይም እያንዳንዱ ባለሙያ የሚጀምረው ልጁ ከሚቸገርበት ቦታ ይሆናል።